በከፍታ ሐይቆች ላይ የሚሠሩ የጀልባ ሞተሮች የነዳጅና የካርቡሬተር ብልሽት፦ አለያየቱና ምክንያቱ በጣና ሐይቅ ማሳያነት

መግቢያ

በጣና ሐይቅ ላይ መጓጓዣና ዓሣ ማስገር ለብዙ ዘመን ከደንገል በሚሠራ ታንኳ ላይ የተመሠረተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር የተገጠመላቸው የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ግን የሐይቁ እንቅስቃሴ ተለውጧል። ዛሬ ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ደቅና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚጓዙ ምእመናንና ጎብኚዎች፣ እንዲሁም መረባቸውን ከባሕሩ መካከል የሚጥሉ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ደኅንነታቸው ከጀልባው ኋላ በተገጠመ አንድ አነስተኛ ሞተር ላይ ያረፈ ነው። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ በፍጥነት ሞገድ ያስነሣል። በዚያ ሰዓት ሞተሩ የቆመበት ጀልባ ፊቱን ወደ ሞገዱ ማዞር ስለማይችል ጎኑን ይሰጣል። የሞተር መቆም ከሥራ መስተጓጎል አልፎ የሕይወት ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በተግባር እንደሚታየው፣ የጀልባ ሞተር በጉዞ ላይ ሲንተፋተፍ ወይም ሲጠፋ ቀድሞ የሚጠረጠረው ካርቡሬተሩ ነው፤ ቀድሞ የሚፈታውም እርሱ ነው። ይህ ልማድ ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ካርቡሬተር ነዳጁ ከሚያልፍባቸው ጣቢያዎች የመጨረሻው በመሆኑ ከእርሱ በፊት ያለ ቀላል ጉድለት ሳይታይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በትክክል የሚሠራ ካርቡሬተርም ቢሆን በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የታመመ ይመስላል፤ ሲፈታና ሲነካካ ደግሞ የእውነት ይታመማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነዳጅ ከመያዣው እስከ ሲሊንደሩ የሚጓዝበትን መንገድ፣ ከፍታ በድብልቁ ላይ የሚያመጣውን ለውጥና ብልሽትን በቅደም ተከተል የመለየትን ዘዴ ማስረዳት ነው። ትኩረቱ በሐይቆቻችን ላይ በብዛት በሚታዩት በካርቡሬተር በሚሠሩና ዘይት ከቤንዚን ጋር በሚቀላቀልላቸው ባለሁለት ምት ሞተሮች ላይ ነው።

1. የነዳጅ መንገድ

ነዳጁ በተንቀሳቃሽ መያዣ ተሞልቶ ከጀልባው ወለል ላይ ይቀመጣል። የመያዣው ክዳን አየር የሚያስገባ ትንሽ ብሎን አለው። ነዳጁ በቱቦ ወጥቶ በእጅ በሚጨመቅ የላስቲክ ፓምፕ ውስጥ ያልፋል። ይህ ፓምፕ በሁለቱም ጫፍ ነዳጁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ ያለው ሲሆን በላዩ ላይ የተቀረጸው ቀስት ሁልጊዜ ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት። ከዚያ ቱቦው በማገናኛ በኩል ከሞተሩ ጋር ይያያዛል። በሞተሩ ውስጥ ነዳጁ በማጣሪያ ካለፈ በኋላ ወደ ነዳጅ ፓምፑ ይገባል። በባለሁለት ምት ሞተር ይህ ፓምፕ የሚንቀሳቀሰው በሌላ ኃይል ሳይሆን ፒስቶኑ ሲወጣና ሲወርድ በክራንክ ቤቱ ውስጥ በሚፈጠረው የግፊት መለዋወጥ ነው። ግፊቱ አንድን ስስ ዲያፍራም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሳል፤ ዲያፍራሙም ነዳጁን ይስባል፣ ይገፋል። በመጨረሻ ነዳጁ ወደ ካርቡሬተሩ ትንሽ ገንዳ ይደርሳል።

በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት ጉድለት ይከሠታል። አንዱ መዘጋት ነው፤ ነዳጁ ማለፍ ያቅተዋል። ሌላው አየር ማስገባት ነው፤ ቱቦው ሲሰነጠቅ ወይም የማገናኛው የላስቲክ ቀለበት ሲያረጅ ፓምፑ ከነዳጅ ይልቅ አየር ይስባል። ሁለተኛው አሳሳች ነው። በመሳብ ላይ ያለ ቱቦ አየር ያስገባል እንጂ ነዳጅ ስለማያንጠባጥብ፣ ውጩን በዓይን መመርመር ብቻውን አያጋልጠውም።

2. ካርቡሬተር የሚሠራበት ሥርዓት

ካርቡሬተር በመሠረቱ መካከሉ የጠበበ የአየር መተላለፊያ ነው። አየር በጠባቡ ክፍል ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። በገንዳው ውስጥ ባለው ነዳጅ ላይ ያረፈው የውጭ አየር ግፊት ከጠባቡ ክፍል ግፊት ስለሚበልጥ ነዳጁ በልክ በተሠራ ቀዳዳ፣ መካኒኮች ጂግለር በሚሉት በኩል፣ ወጥቶ ከአየሩ ጋር ይደባለቃል።

በገንዳው ውስጥ የነዳጁን ከፍታ የሚጠብቀው ተንሳፋፊው ነው። ነዳጁ ሲጎድል ተንሳፋፊው ይወርዳል፣ መርፌ ቫልቩ ይከፈታል፤ ሲሞላ ይነሣል፣ ቫልቩ ይዘጋል። ቆሻሻ በመርፌው ሥር ከገባ ቫልቩ ሳይዘጋ ይቀርና ካርቡሬተሩ ነዳጅ ያፈስሳል። መርፌው በደረቀ ሙጫ ከተያዘ ደግሞ ገንዳው ባዶ ይሆናል።

ለብልሽት አለያየት ወሳኙ ነጥብ ካርቡሬተሩ ከአንድ በላይ የነዳጅ መስመር ያለው መሆኑ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የሚያገለግለው መስመር እጅግ ጠባብ የሆነ የራሱ ጂግለር አለው። ፍጥነት ሲጨመር ዋናው ጂግለር ሥራውን ይረከባል። ስለዚህ ሞተሩ የሚታመምበት የፍጥነት ደረጃ የታመመውን ክፍል ይጠቁማል። በሚኒሞ እየጠፋ በከፍተኛ ፍጥነት ደኅና የሚሠራ ሞተር የሚኒሞው መስመር ተደፍኖበታል ማለት ነው። በተቃራኒው በሚኒሞ ጸጥ ብሎ እየሠራ ነዳጅ ሲሰጠው የሚታፈን ሞተር ችግሩ ያለው በዋናው ጂግለር ወይም ከካርቡሬተሩ በፊት ባለው የነዳጅ መንገድ ላይ ነው። ከፍተኛ ፍጥነት ብዙ ነዳጅ ስለሚጠይቅ በመንገዱ ላይ ያለች ትንሽ እንቅፋት የምትታየው ያን ጊዜ ነው።

3. የከፍታ ተጽዕኖ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሙቀቱ እኩል ቢሆን የአየሩ እፍጋትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በአንጻሩ የቤንዚን እፍጋት በከፍታ ምክንያት አይለወጥም።

በካርቡሬተር ውስጥ የሚያልፈው የአየር ክብደትም ሆነ የነዳጅ ክብደት ከየራሳቸው እፍጋት ካሬ ሥር ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ አየር ለነዳጅ ያለው ጥምርታ ከአየሩ እፍጋት ካሬ ሥር ጋር አብሮ ይወርዳል። የ0.80 ካሬ ሥር 0.89 ገደማ ነው። ይህም ማለት በባሕር ወለል ላይ ለ1 ክፍል ነዳጅ 13 ክፍል አየር እንዲሰጥ የተስተካከለ ካርቡሬተር በጣና ላይ 11.6 ክፍል ያህል ብቻ ይሰጣል። ድብልቁ ከ10 በመቶ በላይ ነዳጅ ይበዛበታል ማለት ነው።

ውጤቱ በግልጽ ይታያል። ካንዴላው በጥቁር ጥላሸት ይሸፈናል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ሞተሩ በሚኒሞ ይንተፋተፋል፣ የነዳጅ ወጪው ይጨምራል። ኃይሉም ይቀንሳል፤ በባሕር ወለል ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር በጣና ላይ ከ32 ብዙም አይርቅም። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የድብልቁ መበላሸት አነስ ያለ ጂግለር በመግጠም ይስተካከላል። በአየሩ መሳሳት የጠፋው ኃይል ግን በየትኛውም የካርቡሬተር ማስተካከያ አይመለስም። ለዚህኛው መፍትሔው ሞተሩ የተወሰነለትን የዙር ፍጥነት እንዲደርስ ጫናው ቀለል ያለ ፕሮፔለር መግጠምና የተሳፋሪውን ቁጥር ለሞተሩ እውነተኛ ኃይል መመጠን ነው። ይህ ልዩነት ካልታወቀ ባለቤቱ የጎደለውን ኃይል ፍለጋ ጤነኛውን ካርቡሬተር ደጋግሞ ያስፈታል።

ከዚህ የሚከተል፣ እምብዛም የማይታሰብ አደጋ አለ። በባለሁለት ምት ሞተር ፒስቶኑን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚመጣው ከነዳጁ ጋር ነው። ነዳጅ ሲያንስ ዘይትም ያንሳል፣ የቃጠሎው ሙቀትም ይጨምራል። ስለዚህ ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ ሞተሩን ሲያቆሽሽ፣ ነዳጅ ያነሰበት ድብልቅ ግን ፒስቶኑን ከሲሊንደሩ ጋር አጣብቆ ይገድለዋል። ለጣና ከፍታ ጂግለሩ የተቀነሰ ሞተር 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ጫሞ ሐይቅ ቢወሰድ ድብልቁ 4 በመቶ ያህል ነዳጅ ያንሰዋል። ሲሞላ 640 ሜትር ላይ ወደሚደርሰው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ቢወርድ ጉድለቱ እንደ አካባቢው ሙቀት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይደርሳል። በዚህ ሁኔታ ጭነት ይዞ በሙሉ ፍጥነት መጓዝ ለሞተሩ አደገኛ ነው። አሳሳቹ ነገር ሞተሩ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ሲደርስ ከቀድሞው የበለጠ ጉልበት ማግኘቱ ነው፤ ነጂው ሞተሩ እንደተሻለው ቆጥሮ ደስ ይለዋል። በመሆኑም ጂግለሩ የተለወጠ ሞተር ሲሸጥ ወይም ሲዛወር የተገጠመለት ጂግለር ቁጥርና የተስተካከለበት ከፍታ በሞተሩ ክዳን ውስጥ ተጽፎ ሊገኝ ይገባል።

4. ነዳጁ ራሱ

ብዙ ጊዜ ካርቡሬተሩ የሚወቀሰው ለነዳጁ ጥፋት ነው። የመጀመሪያው ጠላት ውኃ ነው። ውኃ በክረምት ዝናብ፣ በሞገድ ፍንጣሪ፣ በሌሊት ቅዝቃዜ በግማሽ ባዶ መያዣ ውስጥ ከሚፈጠር ጤዛ ይገባል። ከቤንዚን ስለሚከብድ በመያዣው ሥር ይተኛል፤ ቱቦውም የሚስበው ከሥር ነው። ጀልባው በሞገድ ሲናወጥ ይህ ውኃ ተነሥቶ ወደ ቱቦው ስለሚገባ ሞተሩ የሚጠፋው አየሩ በከፋበት፣ እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ነው።

ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ጉዳዩን ያወሳስበዋል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ 5 በመቶ፣ ኋላም 10 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ተሠራጭቷል። ኢታኖል ውኃን ይስባል። 10 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን በመጠነኛ ሙቀት በአንድ ሊትር 5 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ይሸከማል፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ውኃውና ኢታኖሉ አብረው ተለይተው ወደ ሥር ይወርዳሉ። በተጨማሪም ለኢታኖል ያልተሠሩ አሮጌ ቱቦዎችንና የላስቲክ ክፍሎችን ያለሰልሳል።

ሁለተኛው ጠላት ጊዜ ነው። የካርቡሬተሩ ገንዳ ትንሽ በመሆኑ ሞተሩ ለሳምንታት ሲቆም ቤንዚኑ ይተናል፤ የማይተነው ሙጫ መሰል ዝቃጭና ዘይቱ ይቀራሉ። ይህ ዝቃጭ ቀድሞ የሚደፍነው እጅግ ጠባቡን፣ የሚኒሞውን ጂግለር ነው። ጎብኚ በሚቀንስበት ወቅት ቆሞ የከረመ ሞተር ሲነሣ ሚኒሞ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ባዕድ ነገር ነው። የነዳጅ እጥረት ባለበት ጊዜ ቤንዚን ከማደያ ውጭ በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ ይገዛል። አሸዋ፣ የዛገ ብረት ብናኝና ነጭ ጋዝ አብሮ ሊመጣ ይችላል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተሩን ለማስነሣት ያስቸግራል፣ ያጨሳል፣ በጭነት ጊዜም ያንኳኳል። ቀላል መፈተኛ አለ፦ ዘይት ከመቀላቀሉ በፊት አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ማድረግ። ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ተንኖ ምልክት ሳይተው ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን ቅባታም ጥላ ይተዋል። ፈተናው ዘይት ከተጨመረ በኋላ ትርጉም የለውም፤ ዘይቱ ራሱ ጥላ ይተዋልና።

የዘይቱ ልክም የነዳጁ ጉዳይ ነው። ለብዙ ሞተሮች የተለመደው ልክ 50 ለ1 ነው፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። አዲስ ሞተር በመለማመጃ ጊዜው ብዙ ጊዜ እጥፉን ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ «ለጥንቃቄ» ተብሎ ዘይት መጨመር ካንዴላን ያቆሽሻል፣ የጭስ መውጫን በካርቦን ይደፍናል። መቀነስ ደግሞ ከላይ የተጠቀሰውን የፒስቶን መጣበቅ ያስከትላል።

5. ብልሽቱን የመለየት ቅደም ተከተል

ደንቡ አጭር ነው፦ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከመያዣው ወደ ሲሊንደሩ፣ ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት በማየትና በመንካት።

ሀ. የማጥፊያ ገመድ። ሞተሩ ፈጽሞ የማይነሣ ከሆነ ከነጂው አካል ጋር የሚታሰረው የአደጋ ጊዜ ማጥፊያ ገመድ በቦታው መግባቱ ቀድሞ ይታይ።

ለ. የክዳኑ አየር ብሎን። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ በደኅና ሠርቶ ቀስ በቀስ ከታፈነና ከጠፋ፣ ትንሽ ቆይቶም ከተነሣ፣ የክዳኑ ብሎን ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ሲላላ አየር «ፉሽ» ብሎ ከገባ ምክንያቱ ተገኝቷል።

ሐ. የላስቲክ ፓምፑ። ቀስቱ ወደ ላይ እንዲያመለክት ተይዞ ይጨመቃል። ጤነኛ ከሆነ ከጥቂት ጭመቃ በኋላ ይጠነክራል። ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረ ከእርሱ በፊት፣ ማለትም በመያዣው ወይም በክዳኑ ብሎን በኩል መዘጋት አለ። ጨርሶ ካልጠነከረ ወይ አየር እየገባ ነው፣ ወይ የራሱ ቫልቭ ተበላሽቷል፣ ወይም የካርቡሬተሩ መርፌ ቫልቭ አልዘጋም። በመጨረሻው ሁኔታ ካርቡሬተሩ ነዳጅ ሲያንጠባጥብ ይታያል።

መ. የጭመቃ ፈተና። ሞተሩ በጉዞ ላይ ሲዳከም ሌላ ሰው ፓምፑን በእጁ ቢጨምቅና ሞተሩ ነፍስ ቢዘራ ካርቡሬተሩ ነጻ ነው። ጥፋቱ ያለው በነዳጅ ፓምፑ ዲያፍራም፣ በማጣሪያው ወይም አየር በሚያስገባ ቱቦ ላይ ነው። ይህ ፈተና ሌላ ጥቅምም አለው፤ እየጨመቁ በዝግታ ወደ ዳር መድረስ ይቻላል።

ሠ. የቾክ ፈተና። ሞተሩ ሲታፈን ቾኩ በጥቂቱ ይሳባል። ከተሻለው ነዳጅ አንሶታል፤ ከባሰበት ነዳጅ በዝቶበታል። በጣና ላይ ያልተስተካከለ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሁለተኛውን መልስ ነው።

ረ. የነዳጅ ናሙና። ከማጣሪያው ወይም ከካርቡሬተሩ ገንዳ ማፍሰሻ ጥቂት ነዳጅ በብርጭቆ ይቀዳና ለትንሽ ጊዜ ይቆያል። በሥሩ የሚንከባለል ጠብታ ወይም የተለየ ንብር ከታየ ውኃ ነው። እንዲህ ከሆነ ካርቡሬተሩን ብቻ ማጽዳት ከንቱ ድካም ነው፤ መያዣው እስካልተለወጠ ድረስ ውኃው ተመልሶ ይመጣል።

ሰ. ካንዴላ። ሁሉም ካንዴላዎች ተወልቀው ጎን ለጎን ይታያሉ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የነዳጅ መብዛትን፣ የነጣና የተቃጠለ መልክ የነዳጅ ማነስን፣ ፈካ ያለ ቡናማ ጤናን ያመለክታል። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ምክንያቱ ለሁሉም የጋራ ነው፦ ነዳጁ፣ ፓምፑ ወይም ከፍታው። አንዱ ብቻ ከተለየ ግን ምክንያቱ የዚያ ሲሊንደር ነው። አንዱ ካንዴላ ብቻ በነዳጅ ከራሰ የተበሳ የፓምፕ ዲያፍራም ነዳጅ በቀጥታ ወደ ክራንክ ቤቱ እያስገባ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ ከነጣ ደግሞ ሞተሩ ወዲያው መቆም አለበት፤ የዚያ ሲሊንደር ጂግለር ተደፍኗል፣ ፒስቶኑም በዘይት እጦት ላይ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ምክንያቱ ካልተገኘ ካርቡሬተሩን መፍታት ተገቢ ይሆናል።

6. ነዳጅ የሚመስሉ ሌሎች ምክንያቶች

እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በጣና ላይ የተስፋፋው እምቦጭ ለብልሽት አለያየት አዲስ ጥያቄ አምጥቷል። ሥሩ በፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ በጫና ይታፈናል፤ የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያውን ሲደፍን ሞተሩ ግሎ ኃይል ያጣል። ሁለቱም ለጆሮ የነዳጅ እጥረት ይመስላሉ። መለያው ከሞተሩ ጎን የሚወጣው የመቆጣጠሪያ ውኃ ነው፤ ከቀነሰ ወይም ከቆመ ወደ ነዳጁ ከመሄድ በፊት ሞተሩን አጥፍቶ መግቢያውን ማጽዳት ይቀድማል።

የእሳት ብልጭታ ጉድለትም እንዲሁ ያሳስታል። በጥቅሉ ሲታይ የነዳጅ ችግር ሞተሩን እያንተፋተፈ ቀስ ብሎ ያጠፋዋል፤ የብልጭታ ችግር ግን ቁልፍ እንደተዘጋበት በድንገት ያቆመዋል።

7. ካርቡሬተርን ማጽዳትና ጥንቃቄው

ማጽዳቱ የሚከናወነው በዳር፣ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ነው። በውኃ ላይ ተሳፋሪ ይዞ ካርቡሬተር መፍታት አይገባም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ወለል ላይ ይጠራቀማል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። በዚሁ ምክንያት መያዣው መሞላት ያለበት ከጀልባው ውጭ ወርዶ ነው።

የአየር ማስተካከያው ብሎን ከመውጣቱ በፊት በካቻቢቴ በዝግታ እስኪዘጋ ድረስ የዞረበት ልክ ተቆጥሮ ይጻፋል፤ ሲመለስም በዚያው ልክ ይከፈታል። ጂግለሮቹ በማጽጃ ፈሳሽ ተነክረው በታመቀ አየር ይነፋሉ። በሽቦ መጎርጎር ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። 1.00 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጂግለር በሽቦ ተፍቆ 1.05 ቢሆን የቀዳዳው ስፋት 10 በመቶ ያድጋል። ይህች የሚሊ ሜትር ሃያኛ ክፍል ሞተሩን ከባሕር ወለል ወደ ጣና የማውጣትን ያህል ድብልቁን ትለውጣለች። በጣና ላይ ቀድሞውኑ ነዳጅ በበዛበት ሞተር ላይ ይህ ሲጨመር ውጤቱ ማንም የማያውቀው ብልሽት ነው። እንዲህ የተጎዳ ጂግለር ይለወጣል እንጂ አይጠገንም።

አነስ ያለ ጂግለር ሲገጠምም ጥንቃቄ ያሻል። መጠኑ ከአምራቹ የከፍታ ሠንጠረዥ ይወሰዳል። በጂግለር ላይ የተጻፈው ቁጥር በአንዳንድ አምራቾች ዘንድ የቀዳዳውን ስፋት፣ በሌሎች ዘንድ የነዳጁን ፍሰት ስለሚገልጽ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማነጻጸር ያሳስታል። ከለውጡ በኋላ ሞተሩ በሙሉ ጭነት ተነድቶ ካንዴላው መታየት አለበት፤ መልኩ ወደ ነጭ ካደላ ጂግለሩ አንሷል።

ሞተሩ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆም ከሆነ ከውኃው ሳይወጣ ቱቦው ተነቅሎ ነዳጁ እስኪያልቅ ይሠራል፤ የቀረውም በገንዳው ማፍሰሻ ይወጣል። ይህ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ አብዛኛውን የሚኒሞ ችግር ያስቀራል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ትንታኔ ሦስት ነጥቦችን ያስይዛል። አንደኛ፣ በጀልባ ሞተር ላይ የሚታየው የነዳጅ ችግር ብዙ ጊዜ ከካርቡሬተሩ በፊት ባሉ ርካሽና ቀላል ክፍሎች ላይ ስለሚጀምር ምርመራው ከመያዣው ሊነሣ ይገባል። ሁለተኛ፣ በጣና ከፍታ የድብልቁ በነዳጅ መብዛትና የኃይሉ መቀነስ የተፈጥሮ ሕግ ውጤት ናቸው፤ የመጀመሪያው በጂግለር ይታረማል፣ ሁለተኛው በፕሮፔለርና በጭነት ልክ ብቻ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ለአንድ ሐይቅ የተስተካከለ ሞተር ለሌላው ሐይቅ እንደተስተካከለ ሊቆጠር አይገባም።

ጉዳዩ ከሞተሩ ባለቤት ኪስም ይሰፋል። በካርቡሬተር የሚሠራ ባለሁለት ምት ሞተር በአግባቡ ተስተካክሎም ቢሆን ከሚወስደው ነዳጅ እስከ 30 በመቶ የሚደርሰውን ሳያቃጥል ሊያስወጣ ይችላል፤ ድብልቁ ነዳጅ ሲበዛበት ይህ ይብሳል። የሞተሩ ጭስ የሚወጣው ደግሞ በውኃው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በተመዘገበው፣ ዓሣና የመጠጥ ውኃ በሚቀዳበት ሐይቅ ላይ የጂግለር ልክ የአካባቢ ጥበቃ ጥያቄም ነው።

በተግባር በኩል ሁለት ቀላል እርምጃዎች ይመከራሉ። የጀልባ ማኅበራት ለእያንዳንዱ ሞተር የጂግለሩን ቁጥር፣ የተስተካከለበትን ሐይቅና የመጨረሻ ጽዳቱን ቀን የሚይዝ መዝገብ ቢያዘጋጁ፣ ሞተር ሲዛወር የሚደርሰውን ጉዳት ማስቀረት ይቻላል። እያንዳንዱ ጀልባ ደግሞ ትርፍ ካንዴላ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ትርፍ ማጣሪያና የላስቲክ ፓምፑ ያለበት ሙሉ ትርፍ ቱቦ፣ በተለየ መያዣም ጥቂት ሊትር የተጣራና በልኩ የተቀላቀለ ነዳጅ ቢይዝ፣ በዚህ ጽሑፍ ከተዘረዘሩት ብልሽቶች አብዛኞቹ ካርቡሬተሩ ሳይነካ በባሕሩ ላይ እንዳሉ ይፈታሉ። መቅዘፊያ ግን በማናቸውም ሁኔታ ከጀልባው መለየት የለበትም።